የድጋፍ መምህሯና የክፍል መምህሩ በአማርኛ ንባብ ላይ እንዴት ይቀናጁ?

ጠመኔ

ሰላም የሙያ ባልደረቦች። 2ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ በክፍሉ 58 ተማሪ አለ። ከነዚህ 9ኙ በንባብ ወደ ኋላ ስለቀሩ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለ40 ደቂቃ ወደ ድጋፍ ክፍል ትወስዳቸዋለች። ሰዓቱ ግን ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ጋር ይገጥማል። እኔ «ጸ»ን ሳስተምር እነሱ «በ» ላይ ናቸው። ሲመለሱ ደግሞ ክፍሉ ሌላ ገጽ ደርሷል። እሷ ምን እንደምትሠራ አላውቅም፤ እሷም የእኔን ዕለታዊ ዕቅድ አታይም። በመካከላችን ጠብ የለም፣ የጎደለን አሠራር ነው።

ልጆቹን መቼ ትውሰዳቸው? ዘጠኙን አንድ ላይ ይዞ ማስተማርስ ልክ ነው? በየሳምንቱ ምን እንለዋወጥ? ማርክ የሚሰጠውስ ማን ነው? የሠራችሁበት ሰዎች ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ።

ሪሶርስ ክፍል

ከሁሉ በፊት የክፍለ ጊዜ ድልድሉን አስተካክሉ። ድጋፉ ከአማርኛ ሰዓት ላይ ከተቀነሰ ልጁ በሳምንት የሚያገኘው የንባብ ጊዜ ያው ነው፤ የተቀየረው ክፍሉ ብቻ ነው። ከሰውነት ማጎልመሻና ከሥዕል ሰዓትም አትውሰዱ። ማንበብ ያቃተው ልጅ ከሌሎቹ እኩል የሚሆንበት ሰዓት እሱ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ከተነጠቀ ድጋፍ ክፍሉን እንደ ቅጣት ያየዋል። የሚሻለው የክፍለ ጊዜው የመጨረሻ 20 ደቂቃ ነው፤ ማለትም አዲሱ ትምህርት አልቆ ሌሎቹ መልመጃ በየግላቸው ሲሠሩ። በሳምንት 3 ጊዜ 40 ደቂቃ ከሚሆን 5 ጊዜ 20 ደቂቃ ይሁን። ድምሩ 20 ደቂቃ ያንሳል፣ ግን ሰኞ የተያዘ አዲስ ፊደል ማክሰኞ ካልተደገመ ረቡዕ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ሁለተኛው ነገር፣ ዘጠኝ ልጅ አንድ ቡድን አይደለም። ዘጠኙም «ማንበብ አይችሉም» ቢባልም የማይችሉበት ምክንያት ይለያያል። በክፍል ከተማሩት ፊደላት 60 መርጣችሁ፣ ቅደም ተከተላቸውን አዘበራርቃችሁ፣ በአንድ ገጽ ላይ በየመስመሩ 10 አድርጋችሁ ጻፉ። እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ለ1 ደቂቃ ያንብብ። አንዱ ፊደል ላይ 3 ሰከንድ ከቆመ «ቀጥል» በሉት፤ ተሳስቶ ራሱ ካረመ ትክክል ይቆጠርለት። የመጀመሪያዎቹን 10 በሙሉ ከሳተ አቁሙ፣ ልጁን ማሰቃየት አያስፈልግም። ስህተቱን በጭረት ብቻ አትለፉት፤ ልጁ ያለውን ከፊደሉ በላይ ጻፉ። የምትፈልጉት መረጃ ያለው ከውጤቱ ይልቅ እዚያ ነው።

ከወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ዓይነት ልጅ ይወጣል።

አንዱ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ…» እያለ በውስጡ ቆጥሮ «ሌ» ላይ የሚደርስ ነው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ፤ መልሱ ትክክል ነው፣ በደቂቃ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቅም። በቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» የሚቆጠረው አንዱ ጥቅሙ ይህን መስበሩ ነው። ለዚህ ልጅ የፊደል ገበታውን ከፊቱ አንሱት፤ በካርድ ብቻ ይሥራ። መጀመሪያ ከተለያየ ቤተሰብ የተወሰደ አንድ ዓይነት ድምፅ (ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ፣ ኩ)፣ ቀጥሎ የሁለት ድምፅ ቅልቅል (ሉ፣ ሜ፣ ሱ፣ ቤ)።

ሁለተኛው ቤተሰቡን ያውቃል፤ «ሙ»ን ግን «ሞ» ይለዋል። ከመደበኛዎቹ ጀምሩለት። የካዕብ (እንደ «ሙ») ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ወገብ ላይ ነው፤ ኃምስ (እንደ «ሜ») በቀኝ እግር ላይ ቀለበት አለው። ከዚያ ሣልስና ራብዕ (እንደ «ሚ» እና «ማ»)። ሳድስና ሳብዕ (እንደ «ም» እና «ሞ») ወጥ ምልክት ስለሌላቸው አንድ በአንድ ይያዛሉ፤ «ደንብ አለው» ብላችሁ አትድከሙ። የ«ረ» እና የ«ፈ» ቤተሰብ በካዕብና በሣልስም ከሌሎቹ ስለሚለዩ መጨረሻ ላይ ይምጡ።

ሦስተኛው የሚምታታበት ጥንድ ላይ ነው፦ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ማስተማር ምታቱን ያጠናክረዋል። አንዱ ያለ ማመንታት እስኪነበብ ሌላው ይቆይ። መማሪያ መጽሐፉ አቀራርቦ ካመጣቸው የክፍል መምህሩ ሁለቱንም ያስተምር፤ የድጋፍ መምህሯ ግን በመጀመሪያው ላይ ብቻ ትቆይ። ይህን ሁለታችሁም አውቃችሁ የተስማማችሁበት መሆን አለበት። ልጁ ከሰሌዳ ሲያነብ የሚስታቸውን ከወረቀት ሲያነብ ካልሳታቸው ጉዳዩ የንባብ አይደለም፣ የዓይን ነው። የ«ሸ»ና የ«ቸ» የላይኛዋ ሰረዝ ከኋላ ወንበር አትታይም። በ6 ሜትር ርቀት በሚነበበው የዓይን መለኪያ ሰሌዳ ይታይ።

አራተኛው ፊደሉን በደንብ ይለያል፣ ቃል ሲሆን ይጠፋዋል። ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ሌላ ሰው ይመለስበት። ቡድኑ ከ3 እስከ 5 ልጅ ይሁን።

በነገራችን ላይ የ3 ሰከንዱና የ10 ፊደሉ ደንብ ኢግራ ከሚባለው የንባብ ክሂል ምዘና የመጣ ነው። ምዘናው በ2002 ዓ.ም. በአገራችን ሲካሄድ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ቀርተዋል። ስለዚህ ከ58 ልጅ 9 ብቻ ነው የሚለውን ቁጥር ራሱ እንደገና ፈትሹት። ድምፅ ሳያሰሙ ከጓደኛ ኋላ እየተከተሉ የሚያነበንቡ ልጆች በቡድን ንባብ አይለዩም።

ስም ጠሪ

የመለዋወጡን ጉዳይ ልመልስ። አንድ ባለ 32 ሉክ ደብተር ለአንድ ቡድን ይበቃል፤ ለአንድ ሳምንት ሁለት ገጽ። በግራው ገጽ የክፍል መምህሩ ሐሙስ ይጽፋል፦ በሚቀጥለው ሳምንት የሚደረስበት ገጽ፣ 3 ወይም 4 አዲስ ፊደላት፣ ከምንባቡ የተመረጡ ከ6 እስከ 8 ቃላት። በቀኙ የድጋፍ መምህሯ በየዕለቱ ለአንድ ልጅ አንድ መስመር ትጽፋለች። «እየተሻሻለ ነው»፣ «ትኩረት ይጎድለዋል» የሚል ነገር አይጻፍበት፤ ማንም ከዚያ ተነስቶ ነገ ምን እንደሚያስተምር አያውቅም። «ሙን ሞ ይላል፤ ወገቡን እይ ሲባል ያርማል» ይበቃል። ከስህተቱ ይልቅ ያረመበት ዘዴ ነው ለክፍል መምህሩ የሚጠቅመው።

ከዚያ ዓርብ በእረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ፣ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ። በመምህራን ማረፊያ ሻይ እየጠጡ የሚደረገው ወሬ ስብሰባውን አይተካም፤ ብዙውን ጊዜ ስለ ልጁ ቤተሰብ ተወርቶ ስለ ፊደሉ ሳይነሳ ነው የሚያልቀው።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ ማስተማር ነው። ብዙ ድጋፍ ክፍሎች ክፍሉ ያለፈበትን እየደገሙ ከኋላ ይከተላሉ። በተቃራኒው አድርጉት። ሰኞ ከሚነበበው ምንባብ ሁለት ዓረፍተ ነገርና 5 ቃል ዓርብ በድጋፍ ክፍል ይሠራ። ሰኞ የክፍል መምህሩ «ማን ያነባል?» ሲል ያንን ልጅ ለዚያችው ዓረፍተ ነገር ይጥራው። ሁለቱ መምህራን የትኛዋ ዓረፍተ ነገር እንደሆነች ካልተነጋገሩ ይህ አይሠራም። ሳይዘጋጅ ድንገት ተነስቶ እንዲያነብ መጥራት ግን ይቅር፤ በተራ በተራ ማስነበብም እንዲሁ፣ ልጁ ተራው የሚደርሰውን መስመር ቆጥሮ ሲጨነቅ ሌላውን አይሰማም።

አራረማችሁም አንድ ይሁን። አንዷ «ቆይ፣ አስብ» ስትል ሌላው መልሱን ቶሎ ከነገረው ልጁ ዝም ብሎ መጠበቅን ይለምዳል። ሁለታችሁም 3 ሰከንድ ጠብቁ፤ ቀጥሎ «የማን ቤተሰብ ነው?»፤ ቀጥሎ «ወገቡን እይ» ወይም «እግሩን እይ»፤ ካልሆነ ንገሩትና ቃሉን ከመጀመሪያው ያንብበው። የመጨረሻው እርምጃ ሲዘለል ልጁ የተነገረውን ድምፅ ይዞ ይቀጥላል፣ ቃሉን ግን አላነበበም። 58 ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ለሁሉም አይደርስም፤ ለነዚያ ለ9ኙ ይድረስ። ዴስኩን ሲያመቻቹ መምህሩ በሚመላለስበት መተላለፊያ ዳር ቢሆኑ ጎንበስ ብሎ ለማረም ይመቻል። ሁሉንም አንድ ረድፍ ላይ መሰብሰብ ግን ስም ያሰጣቸዋል።

ሳድስ

ስም ጠሪ ስለ ደብተሩ ባሉት እስማማለሁ፤ አስቀድሞ ማስተማሩ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ከፊደላቱ ሲሶውን እንኳ ለማይለይ ልጅ የሰኞን ዓረፍተ ነገር ዓርብ ካስጠናችሁት በቃሉ ይዞት ይመጣል። ክፍሉ ያጨበጭብለታል፣ ሁለታችሁም «አነበበ» ትላላችሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከዓረፍተ ነገሩ ሦስተኛውን ቃል፣ ከዚያ የመጀመሪያውን፣ ከዚያ የመጨረሻውን ጠቁሙት፤ ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑ። ከተደናገረ በቃሉ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ የሰኞው ምንባብ ይነገረው እንጂ አይነበብ፤ ታሪኩንና የከበዱ ቃላትን ፍች አውቆ ይግባ፣ የንባቡ ሥራ በፊደሉ ላይ ይቀጥል።

ሌሎቹ ግን ሁለቱንም ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ 20 ደቂቃዋ እንዲህ ብትከፈል፦ 4 ደቂቃ ክለሳ በ12 ካርድ (8ቱ የታወቁ፣ 4ቱ ገና ያልጸኑ)፤ 6 ደቂቃ በጎደለው ፊደል ላይ፤ 6 ደቂቃ ቃል መመሥረት፤ 4 ደቂቃ የሰኞው ዓረፍተ ነገር። ካርዱ ሁሉ አዲስ ከሆነ ልጁ በየካርዱ ይወድቅና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ይተዋል።

ሪሶርስ ክፍል የተዉት አራተኛው ልጅ ጉዳይ ባብዛኛው የሳድስ ጉዳይ ነው። ፊደል ስናስተምር «ም» ብለን ድምፁን እናወጣለን፤ ልጁም «ምግብ»ን ሦስቱንም እያስረዘመ ለየብቻ ያነብና ቃሉ አይገጥምለትም። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። በመጀመሪያ ሳድስ የሌላቸው ቃላት፦ ዶሮ፣ ሎሚ፣ ሻማ፣ ሱሪ፣ ከተማ። ቀጥሎ መጨረሻቸው ብቻ ሳድስ የሆኑ፦ ቤት፣ ላም፣ በግ፣ ወፍ፣ ሰው። ቀጥሎ መካከላቸው፦ ወንበር። «ልብስ»፣ «ምግብ»፣ «ትምህርት» መጨረሻ። የክፍል መምህሩ ቃል ሲመርጥ ይህን ደረጃ አይቶ በደብተሩ ግራ ገጽ ላይ «ቤት» የሚመስሉትን ለአንዱ ቡድን፣ «ወንበር» የሚመስሉትን ለሌላው ምልክት ቢያደርግ የድጋፍ መምህሯ ሌላ ዝርዝር ማዘጋጀት አይኖርባትም።

ሌላው ሁለቱ መምህራን የሚለያዩበት ቦታ መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» ሁለት ሁለት ንባብ አላቸው፤ «ይመታል»፣ «ይበላል» የሚሉት ደግሞ አድራጊውና ተደራጊው የሚለየው በመጥበቅ ብቻ ነው። ልጁ «ልጁ ኳሱን ይመታል» የሚለውን አጥብቆ ቢያነበው ፊደል አልሳተም፤ አንዷ ስህተት ብላ ስትመዘግብ ሌላው ካለፈው ቁጥራችሁ አይገናኝም። በፊደል ስህተት አትቁጠሩት፣ «ማን ማንን መታ?» ብላችሁ ወደ ትርጉሙ መልሱት። አፉን በሌላ ቋንቋ ለፈታ ልጅ ይህ በጣም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ቃሉን ከዚህ በፊት ሰምቶት ካላወቀ የሚያጠብቅበትን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የእሱ ድጋፍ ከንባቡ በፊት ንግግር ነው፤ ከፊደል ድክመት ካለበት ልጅ ጋር በአንድ ቡድን አይቀላቀል።

ክላስተር 04

ስለ ማርክ፦ የተከታታይ ምዘናውን ውጤት የሚሰጠው የክፍል መምህሩ ነው። የድጋፍ መምህሯ የምትይዘው የ1 ደቂቃ ንባብ መዝገብ ለማስተማሪያ ነው፤ ሮስተር (የውጤት ማጠቃለያ መዝገብ) ላይ አይገባም። ከገባ ልጆቹ ድጋፍ ክፍሉን ሌላ የፈተና ክፍል ያደርጉታል። «ድጋፍ ላይ ስለሆነ» ተብሎም ማርክ አይጨመር፤ ወላጅ 70 አይቶ ልጄ ያነባል ብሎ ይቀመጣል። የሚፈቀደው የአፈታተን ማስተካከያ ነው፦ ተጨማሪ ጊዜ፣ በሒሳብና በአካባቢ ሳይንስ ጥያቄውን አንብቦ መስጠት። ማንበብ ስላቃተው መደመር እንደማይችል መቆጠር የለበትም። በዚህ ላይ ሌሎቹ የክፍሉ መምህራንም ይነገራቸው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ልጆቹ ከክፍል አይውጡ፣ የድጋፍ መምህሯ ትግባ። ግን እሷ ሙሉ ክፍሉን ታስነብብ፤ የክፍል መምህሩ ከአንዱ የድጋፍ ቡድን ልጆች ጋር ለ15 ደቂቃ ይቀመጥ። የክፍል መምህሩ የልጆቹን ንባብ በጆሮው የሚሰማው በዚያች ሰዓት ነው፤ ተማሪዎቹም እሷን «የሰነፎች መምህር» ከማለት ይወጣሉ። የሚበላሸው እሷ ገብታ ደብተር አራሚና ጸጥታ አስከባሪ ስትሆን ነው። ሚናው አስቀድሞ ካልተጻፈ በሦስተኛው ሳምንት እዚያ ይደርሳል።

ከሪሶርስ ሴንተር (ለበርካታ ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ከሚሰጥ ማዕከል) በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ተዘዋዋሪ መምህር ያላችሁ ከሆነ አካሄዱ ይለያል። እሱ ልጆቹን ይመዝን፣ ካርዱን ያዘጋጅ፣ የድጋፉን አሠራር ለክፍል መምህሩ አንድ ጊዜ ሠርቶ ያሳይ፤ ዕለታዊውን ሥራ የሚሠራው የክፍል መምህሩ ነው። አንድ ቀን መጥቶ ልጆችን አስተምሮ መሄድ ደስ ይላል እንጂ ለውጥ አያመጣም። የሚመጣበት ቀን የገበያ ቀን እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ በገጠር ከሁሉ በላይ የሚቀሩት እነዚያው ልጆች ናቸው።

መውጫውንም ከመጀመሪያው ወስኑ። በሁለት ተከታታይ ዓርብ ያላየውን የክፍሉን ደረጃ ምንባብ ከ10 ቃል 9ኙን በትክክል ካነበበና ከ5 ጥያቄ 4 ከመለሰ ይውጣ፤ ለ4 ሳምንት በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይታይ። 8 ሳምንት ሙሉ ተገኝቶ ምንም ካልጨመረ ያንኑ መድገም ዋጋ የለውም። የቀሪ መዝገቡን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን አጣሩ። ለጆሮ ከኋላው ቆማችሁ በተለመደ ድምፅ ስድስት ቃል በሉና ይድገማቸው፤ ከንፈራችሁን እያየ የሚሰማ ልጅ እዚያ ይታወቃል። ይህ ማጣሪያ ነው፣ የሳተ ወደ ጤና ተቋም ይላክ።

ርዕሰ መምህሩ የዓርቧን 15 ደቂቃ በድልድሉ ላይ በጽሑፍ ያስገባ። በመልካም ፈቃድ የቆመ ስብሰባ የፈተና ሳምንት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰረዝ ነው።

ጠመኔ

እናመሰግናለን፣ በተለይ ስለ መጥበቅና መላላቱ፤ እስከ ዛሬ እኔም እሷም ለየብቻ ነበር የምንቆጥረው። አንድ ነገር ቀረኝ። የምንሠራው በፈረቃ ነው። እኔ ጠዋት ብቻ ነኝ፣ እሷ ግን የሁለቱንም ፈረቃ ልጆች ትይዛለች። በእረፍት ሰዓት ብዙ ጊዜ አንገናኝም።

ሪሶርስ ክፍል

እንዲያ ከሆነ ዓርብን ተዉትና በፈረቃ መቀያየሪያው ላይ አድርጉት፤ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ሳይገባ ያለችው ጊዜ ለ15 ደቂቃ ትበቃለች። የከሰዓቱ የክፍል መምህርም በዚያው ሰዓት ስለሚገኝ ሦስታችሁም ትቀመጣላችሁ፤ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ገጽ ላይ ካልሆኑ እሷ ሁለት ዓይነት ካርድ ትሠራለች፣ ስለዚህ የሳምንቱን ፊደላት አንድ አድርጉላት። ልጆቹን ግን በዚያ ሰዓት አታቆዩአቸው። የጠዋት ልጅ በ6 ሰዓት ርቦት ነው የሚወጣው፤ ምገባ ካለ ከምሳ በኋላ፣ ከሌለ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ይሁን። ደብተሩ ከቁልፍ ውጭ በድጋፍ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ አንዳችሁ ቤት ይዛችሁት ከሄዳችሁ ሌላው ያንን ቀን በግምት ያስተምራል።